«ወንድሜ ‹የሀብታም ጄት ላበርር ነው፤ ቤቱን ሽጥልኝ› አለኝ»

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ የመጣው ከሰሜን ወሎ፣ ከቆቦ ነው። ወደዚህ ዓምድ አብዝቶ የሚመጣው የባልና ሚስት ጭቅጭቅ፣ የአማትና የምራት ጣጣ ነው። ይኸኛው ለየት ይላል፤ ግን እሱም ቢሆን ዞሮ ዞሮ የቤት ጣጣ ነው። የሰዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ፣ የወንድምየውን ማዕረግና የሚያበርረውን የአውሮፕላን ዓይነት ጭምር፣ ሆን ብለን አውጥተነዋል። የቀረውን ብዙም ሳንነካ እነሆ፦

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ አርባን ተሻግሯል፤ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ኑሮዬ እርሻና ትንሽ ንግድ ነው። አባታችን ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ማሽላ ጠብቄ፣ ሽንኩርት በመስኖ አልምቼ፣ ዝናብ የቀረ ዓመት ደግሞ በሬዬን አላማጣ ገበያ አውጥቼ ሸጬ አስተማርኩት። ጎበዝ ስለነበር አየር ኃይል ገባ፤ ደብረ ዘይት ተምሮ አብራሪ ሆነ። ያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ነው እልል ያለው።

«ባለፈው ለበዓል መጣ። እናታችን ቡና አፍልታ ተቀምጠን ሳለ ‹ጋሼ፣ እኔ በቃኝ። ጓደኛዬ ዱባይ ሄዶ የሀብታም ጄት ያበርራል። ታይፕ ሬቲንግ የሚባል ኮርስ አለ፤ እሱን ከወሰድኩ ሥራው ዝግጁ ነው። የሚያገናኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ግማሹን ብር አሁን፣ ግማሹን ቪዛ ሲወጣ ነው የሚፈልገው። የዓመት ፈቃዴን ይዤ እወጣና በዚያው እቀራለሁ› አለኝ። ብሩ ከየት ይምጣ ብለው በአገጩ ቤቱን አሳየኝ። ቤቱ አባታችን የሠራው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመላለስብን ቆርቆሮው ተበሳ እንጂ አልወደቀም። ‹የመስኖ መሬቷንም ለአምስት ዓመት ኮንትራት ስጥልኝ፤ በአንድ ዓመት ሁሉንም እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ› ይላል።

«እናታችን ‹ልጄ ካለው ይሁን› አለች። ሚስቴ ‹ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?› ብላ ካኮረፈች ሁለት ሳምንት ሆናት። እምቢ ብለው ‹ቀናብኝ› ይላል፤ እሺ ብለው ቤቴ ይበተናል። ለመሆኑ የጦር አብራሪ የሲቪል ጄት ማብረር ይችላል ወይ? ወይስ እያታለሉት ነው? ቤቱን የሚገዛው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ቀብድ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ግራ የገባው ታላቅ ወንድም፣ ከቆቦ»

ውድ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ቀብዱን አይቀበሉ። ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ ረጋ ብለን እንነጋገርበታለን።

ምኞቱ ነውር የለውም

የወንድምዎን ሐሳብ ከሥሩ ክህደት አድርገው አይዩት። ከጦር አውሮፕላን ወደ ሲቪል መሻገር በዓለምም በአገራችንም የቆየ ነገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አውሮፕላኖቹን የሚያበርሩት የቲ.ደብልዩ.ኤ. አሜሪካውያን ነበሩ። አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች የሚመጡት ከአየር ኃይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ለመሆን የበቁት ዓለማየሁ አበበም የወጡት ከዚያው ከአየር ኃይል ጎጆ ነው።

ባህር ማዶም ቢሆን ያው ነው። ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለውን አውሮፕላን ያበረረው ፖል ቲቤትስ ከጦሩ በጡረታ ከወጣ በኋላ የሠራው የት ይመስልዎታል? ነጋዴና ባለሀብት በትናንሽ ጄት በሚያመላልስ ኤግዚኪዩቲቭ ጄት አቪዬሽን በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የኩባንያው ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሷል። ያ ኩባንያ ዛሬ ኔትጄትስ ይባላል።

የአገራችንም ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አየር ኃይሉም አብሮ ፈረሰ። አንዳንዶች አውሮፕላን እየያዙ ወደ ጎረቤት አገር ወጡ፤ ብዙዎች ደግሞ ባንድ ሌሊት ሥራ አጥ ሆነው ቀሩ። በጦር ክንፍ ብቻ የሚተዳደር ሰው ዘመን ሲለወጥ ምን እንደሚገጥመው ያኔ ታይቷል። ስለዚህ ወንድምዎ «የሲቪል ወረቀት በእጄ ይኑር» ማለቱ ብልህነት ነው። እኛን ያስፈራን አካሄዱ ነው።

የእናትዎም ነገር ይገባናል። የእናንተ አገር ሰው አውሮፕላንን መጀመሪያ ያወቀው በክፉ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ያፈገፈገውን ጦር የጣሊያን አውሮፕላን አሸንጌ ሐይቅ ዳር በቦምብና በመርዝ ጋዝ ሲፈጀው አባቶቻችሁ አይተዋል። ከዚያ ምድር የወጣ ልጅ ራሱ ሰማይ ላይ ሲወጣ እናት «ልጄ ካለው ይሁን» ብትል አይፈረድባትም። ግን ኩራት ሌላ፣ የቤት ካርታ ሌላ።

የጦር ክንፍ ለምን ብቻውን አይበቃም?

«የጦር አብራሪ የሲቪል ጄት ማብረር ይችላል ወይ?» ላሉት፣ በእጁ ይችል ይሆናል፤ በወረቀት ግን ገና አይችልም። የሲቪል አቪዬሽን ዓለም የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ በተፈረመው ስምምነት ነው። ስምምነቱ ገና በሦስተኛው አንቀጽ የጦር፣ የፖሊስና የጉምሩክ አውሮፕላን እኔን አይመለከተኝም ይላል። ስለዚህ ወንድምዎ ደረቱ ላይ ያለው ክንፍ ክብር ነው እንጂ ላይሰንስ አይደለም።

ላይሰንሱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። በዓለም አቀፉ መመዘኛ ለክፍያ የሚያበርር ሰው የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለዚያ 200 የበረራ ሰዓት፣ በጸደቀ ትምህርት ቤት ለተማረ ደግሞ 150 ሰዓት ይጠየቃል። ትልቅ አውሮፕላን በካፒቴንነት ለመያዝ የሚያስፈልገው የከፍተኛው ፈቃድ መነሻ 1,500 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ አንደኛ ደረጃ የሚባለው የጤና ምርመራ፣ በመሣሪያ ብቻ የማብረር ብቃት፣ የአየር ሕግና የአየር ጠባይ ፈተና፣ በእንግሊዝኛም ቢያንስ አራተኛ ደረጃ አለ። የጦር ሜዳ ልምድ ከዚህ የተወሰነውን ሊያቀልለት ይችላል፤ ምን ያህሉን እንደሚያቀልለት የሚወስነው ግን ባለሥልጣኑ ነው።

አሁን ልብ ይበሉ። ተዋጊ የሚያበርር ሰው አንዱ በረራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ ለዓመታት አገልግሎም ሰዓቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የጭነት አውሮፕላን ሰው ሰዓቱም ይበዛል፣ ከረዳት ጋር መሥራትም ለምዷል። የሄሊኮፕተር ሰው ደግሞ ላይሰንሱ ራሱ ሌላ ነው፤ ክንፍ ያለውን እንደገና መማር ሊኖርበት ነው። ወንድምዎን «ስንት ሰዓት አለህ? በምን ላይ?» ብለው ይጠይቁት። ይህንን ሳይጠይቅ «ሥራው ዝግጁ ነው» የሚል አገናኝ ካለ፣ እሱ ስለ አቪዬሽን የሚያውቀው የትኬት ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ ታይፕ ሬቲንግ የሚሉት

ታይፕ ሬቲንግ ሐሰት አይደለም። አንድ አብራሪ አንድን የጄት ዓይነት ለይቶ ለማብረር የሚያገኘው ፈቃድ ነው። ለገልፍስትሪም የተሰጠው ለቻሌንጀር አያገለግልም፤ የቻሌንጀሩም ለፋልከን አይሆንም። ትምህርቱ በአብዛኛው በሲሙሌተር ነው፤ ዋጋው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሄዳል።

ግን የሚሰፋው በሸማው ልክ ነው። ታይፕ ሬቲንግ የሚጻፈው በላይሰንስ ላይ ነው። ላይሰንስ የሌለው ሰው ታይፕ ሬቲንግ ልግዛ ቢል፣ ቤት ሳይኖረው በር የገዛ ሰው ነው። ደግሞም የሚቆይ ንብረት አይደለም፤ በብዙ አገር ሕግ በዓመቱ እንደገና ተፈትነው ካላደሱት ይወድቃል። ሥራ ሳይያዝ የተገዛ ታይፕ ሬቲንግ እንደ ተቆረሰ እንጀራ ነው፣ ሲያድር ይሻግታል። ከሁሉም በላይ፣ ደህና አሠሪ የሚፈልገውን አብራሪ ራሱ ከፍሎ ያስተምርና ለተወሰነ ዓመት ውል ያስገባዋል እንጂ ቆቦ ያለ ቤት ሽጠህ ና አይልም።

ሌላም አለ። የሀብታም ጄት ባለቤቱ ዱባይ ቢቀመጥም አውሮፕላኑ የተመዘገበው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ኬይማን ደሴቶች፣ ቤርሙዳ፣ ሳን ማሪኖ፣ አሩባ የሚመዘገቡ ብዙ ናቸው። ጭራው አካባቢ የተጻፈው ፊደል የየትኛው አገር ነው? የእኛው «ኢ.ቲ.» እንደሚለው ማለት ነው። የአብራሪውን ላይሰንስ መቀበል ያለበት ያ አገር ነው። ስለዚህ አገናኙን ሦስት ነገር ጠይቁልን፦ የአሠሪው ስም ማን ነው? አውሮፕላኑ ምን ዓይነት ነው? የት ነው የተመዘገበው? በጽሑፍ ካልመለሰ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን የሚያያት የለም።

«በዚያው እቀራለሁ» ያለውን በተመለከተ

እኛን በጣም ያስደነገጠን ይህ ነው። አንደኛ ነገር፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከውትድርና ለማምለጥ ሲል ጦሩን የለቀቀን ብቻ ሳይሆን በፈቃድ ወጥቶ ያልተመለሰንም ኮብላይ ነው የሚለው። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ነው፤ በጦርነትና በአደጋ ጊዜ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። አገሩን ለመጎብኘት፣ እናቱን ለመቅበር እንኳ መምጣት ያቅተዋል። ይህን ለእናትዎ በደንብ ያስረዱልን።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይበልጣል፤ ብዙ ወጣትም አያስበውም። ደህና አሠሪ አብራሪ ሲቀጥር ሎግቡኩን ብቻ አይቶ አያምንም። ሰዓቱ እውነት መሆኑን ካበረረበት መሥሪያ ቤት፣ ላይሰንሱን ደግሞ ከሰጠው ባለሥልጣን ጽፎ ያጣራል። የወንድምዎ ሰዓት በሙሉ ያለው አየር ኃይል መዝገብ ላይ ነው። ታዲያ ኮብልሎ ከሄደ ማን ይመሰክርለታል? ምስክሩ ያው ጥሎት የሄደው መሥሪያ ቤት ነው! ዓመታት የለፋበትን ሰዓት በአንድ የአውሮፕላን ትኬት ዜሮ ሊያደርገው ነው። ምስክር የሌለውን አብራሪ የሚቀጥር ካለም፣ ሌላውንም ነገር ሳያጣራ የሚሠራ ነው፤ ጥገናውንም፣ ነዳጁንም፣ የሚጫነውንም ዕቃ። እንዲህ ያለው አሠሪ ዘንድ መግባት ከሥራ አጥነት ይብሳል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በበሩ የገባ ሰው በበሩ ይውጣ።

የጄቱ ኑሮስ ምን ይመስላል?

ወንድምዎ ያየው የጓደኛውን ፎቶ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ የቆዳ ወንበር። ፎቶው ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። የግል ጄት አብራሪ ሻንጣ ይሸከማል። ምግብ ያዝዛል፣ ነዳጅ ይከፍላል፣ የበረራ ፈቃድ ያስጨርሳል፣ ባለቤቱ ሲወርድ ወንበሩን ያጸዳል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ተደውሎ «በሁለት ሰዓት ውስጥ እንነሳለን» ሊባል ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሦስት ቀን ሆቴል ተቀምጦ ባለሀብቱ ስብሰባ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ማዕረግ እዚያ የለም፤ ሻለቃም ይሁን ኮሎኔል፣ መጀመሪያ ረዳት ሆኖ ከጎን ይቀመጣል፤ ካፒቴኑ በዕድሜ ታናሹ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው። ወታደር ግዳጅ ተቀብሎ መፈጸም ነው የተማረው። የግል ጄት አብራሪ ደግሞ ለሚከፍለው ሰው «ጌታዬ፣ ዛሬ አይሆንም» ማለት መቻል አለበት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2001 አሜሪካ ውስጥ አስፐን ተራራማ ከተማ አንድ የኪራይ ገልፍስትሪም በምሽትና በበረዶ ሊያርፍ ሲሞክር ተከስክሶ 18 ሰው አለቀ። የአሜሪካ መርማሪዎች አብራሪውን ገፋፉት ካሏቸው ነገሮች አንዱ አውሮፕላኑን የተከራየው ደንበኛ የግድ እዚያው እንድናርፍ ብሎ ማስጨነቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ማሳቹሴትስ ቤድፎርድ ላይ አንድ የግል ጄት ሊነሳ ሲል ሰባት ሰው ሞተ፤ ልምድ ያላቸው ሁለት አብራሪዎች የመሪውን ቁልፍ ሳይከፍቱ፣ የግድ የሆነውን ፍተሻ ሳያደርጉ ነበር የተነሱት። አዛዥ በሌለበት፣ ማንም በማያይበት ራስን መቆጣጠር ማለት ይህ ነው። በዕዳ የሄደ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል? የወንድሙን ቤት አሽጦ የሄደ ልጅ ከአለቃው ፊት «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፉ ይወጣል? እኛ አይመስለንም። ቤቱን አትሽጡ የምንለው ለእርስዎ ልጆች ብቻ ሳይሆን ለእሱም ሕይወት ብለን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለወንድምዎ ይህን ገጽ አሳዩት፤ ለእሱ የምንለው እነሆ፦

አንተ ወንድማችን፣ መጀመሪያ የፈረምከውን የአገልግሎት ውል አውጥተህ አንብብ፤ ስንት ዓመት ቀረህ? ጊዜው ከሞላ በጽሑፍ መልቀቂያ ጠይቅ። ካልሞላም የቀረውን ዓመት እንደ እስራት አትየው፤ በዚያ ጊዜ ሰዓትህ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ የበረራ ሰዓትህን በዓይነት በዓይነቱ፣ የቀኑን፣ የሌሊቱን፣ የመሣሪያውን ለይተህ ያዝና በሥርዓት ሊረጋገጥልህ የሚቻልበትን መንገድ ጠይቅ። ሦስተኛ፣ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በአካል ሄደህ «ካለኝ ምን ትቀበላላችሁ? ምን ይቀረኛል?» በል። አራተኛ፣ አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራውን አድርግ፤ ጆሮህ ወይም ዓይንህ ካልፈቀደ ቀድሞ ማወቁ ይሻላል። አምስተኛ፣ በትርፍ ጊዜህ ለፈተናው አጥና፤ እንግሊዝኛህንም አሻሽል።

የመጀመሪያ ሥራህ ጄት መሆን የለበትም። አገራችን ውስጥ የግል ቻርተር የሚሠሩ፣ እንደ አቢሲኒያን ፍላይት ሰርቪስስና ናሽናል ኤርዌይስ ያሉ፣ ስማቸው የሚታወቅ ድርጅቶች አሉ። በአብዛኛው የሚያበርሩት ካራቫንና ይህን የመሰለ አነስተኛ አውሮፕላን ነው። አየር መንገዱም አለ። እዚያ ሁለት ሦስት ዓመት በሲቪል ሕግ የሠራ ሰው ወደ ውጭ ሲያመለክት ወረቀቱ ራሱ ይናገርለታል። ደግሞ አትርሳ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከቦሌ እየተነሳ በከፍታና በሙቀት የሠራ አብራሪ ባዶ እጁን አይደለም። ዕድሜም ገና አለህ፤ በዓለም አቀፉ ደንብ በሁለት አብራሪ በሚሠራ የንግድ በረራ እስከ 65 ዓመት ማብረር ይቻላል። ምን አስቸኮለህ?

ለእርስዎ ደግሞ፣ ውድ ወንድማችን፣ ቤቱ አባታችሁ የሠራው ከሆነ እናትዎም ሌሎች ወራሾችም ድርሻ ሊኖራቸው ስለሚችል እርስዎ ብቻዎን ፈርመው የሚሸጡት ላይሆን ይችላል፤ የሕግ ሰው ያማክሩ። የመስኖ መሬቷን አይንኩ፤ የልጆችዎ ጉሮሮ እሷ ናት። መርዳት ከፈለጉ ለጤና ምርመራና ለፈተና የምትሆን፣ ብትጠፋ ቤት የማትበትን ትንሽ ገንዘብ ይስጡት። ሚስትዎንም ያነጋግሯቸው። ኩርፊያቸው ወንድምዎን ጠልተው አይደለም፣ ሳይጠየቁ ጣሪያቸው ስለተሸጠባቸው ነው። ይቅርታ ብለው ቡናው ላይ አብረው ያስቀምጧቸው።

«ቀናብኝ ይለኛል» ላሉት፣ በእናንተ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ያሉ መሆናቸውን እናውቃለን። ደም ያስታረቁ ሰዎች ለሁለት ወንድማማች አያቅታቸውም። ሁለት የምታከብሯቸውን አባቶች ጥሩና በፊታቸው እንዲህ በሉት፦ «በሬዬን የሸጥኩልህ እንድትበር ነው። ቤቴን የማልሸጥልህ ደግሞ የምታርፍበት እንዳታጣ ነው።» ይህን ሰምቶ ለጊዜው ቢያኮርፍ እንኳ፣ መልቀቂያውን በእጁ ይዞ በበሩ የወጣ ቀን ይገባዋል።

በሉ እንግዲህ፣ የሆነውን ጽፈው ያሳውቁን። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።